ምዕራፍ 6፦ ከክሮሙ ክዳን በታች

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተነሱ የአሜሪካ ባንዶችን ፎቶግራፍ ያየ ሰው ቤዝ ጊታሩ ላይ ሁለት የሚያብለጨልጩ ብረቶች ሳያስተውል አይቀርም። አንዱ በጊታሩ ሆድ መካከል፣ በክሮቹ ላይ እንደ ቅስት ተሻግሮ ቆሟል። ሁለተኛው ወደ ጭራው ነው፤ ክሮቹ የሚታሰሩበትን ብሪጅ ከእይታ ሰውሮታል። ሁለቱም በክሮም የተለበጡ በመሆናቸው የመድረኩ መብራት መጀመሪያ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። ዛሬ ከሱቅ የሚገዛው ቤዝ ጊታር በአብዛኛው እነዚህ ክዳኖች የሉትም። የድሮውን መልክ የሚወዱ ሰዎች ለብቻቸው ገዝተው ይገጥሟቸዋል፤ የቀረው ሰው ደግሞ ጌጥ ነበሩ ብሎ ያልፋቸዋል።

ማማራቸውን የሚክድ የለም። ግን ጌጥ ብቻ አልነበሩም። የቤዝ ጊታር የመጀመሪያዎቹ ሃያ ዓመታት ድምፅ እንዲያ ያለ የሆነው በከፊል በእነዚህ ሁለት ክዳኖች ምክንያት ነው። የተጫዋቹ ቀኝ እጅ የት እንደሚያርፍና የት እንደማይደርስ የወሰኑት እነሱ ናቸው። ሲወልቁም ከዚያ በፊት ያልነበረ አጨዋወት ቦታ አገኘ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ፉለርተን በምትባል ከተማ ነው። ሊዮ ፌንደር በ1938 እዚያ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ሆኖም ሙዚቀኞች ይዘውለት የሚመጡትን ችግር በትዕግሥት ይሰማል፤ ሰምቶም ዝም አይልም። በዚያ ዘመን ከሁሉ የባሰ ችግር የነበረበት የደብል ቤዝ ተጫዋች ነው። መሣሪያው ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ መኪና ውስጥ በቀላሉ አይገባም፣ ከበሮና ኤሌክትሪክ ጊታር አጠገብ ሲቆም ደግሞ ድምፁ ይዋጣል። በ1951 ፌንደር ፕሪሲሽን ቤዝ የተባለውን መሣሪያ አወጣ፤ አራት ክሮች ያሉት፣ በትከሻ የሚንጠለጠል፣ የክሩ ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለትም 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ። ሁለቱ ክዳኖች ከመጀመሪያው አንስቶ አብረውት ነበሩ።

ይህን መሣሪያ ይገዛል ተብሎ የታሰበው ሰው አስቀድሞ ደብል ቤዝ የሚጫወት ሰው ነው፤ የብሪጁን ክዳን ለመረዳት ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል። የዚያ ሰው ጆሮ የለመደው ድፍን ብሎ የሚነሳና ቶሎ የሚከስም ድምፅ ነው። ደብል ቤዝ በጣት ሲመታ ድምፁ ብዙ አይቆይም። ኤሌክትሪክ ቤዝ ግን ጠጣር እንጨት ላይ የተወጠረ የብረት ክር ስለሆነ፣ አንዴ ከተመታ ካልዳሰሱት በቀር ለብዙ ሴኮንዶች ይጮኻል። አንዱ ኖታ ሳይጠፋ ሌላው ይደርስበታል፤ ሁለቱ ሲደባለቁ የዘፈኑ መሠረት ይደፈርሳል። የዚያን ጊዜው አምፕሊፋየርና ስፒከርም እንዲህ ያለውን የተደራረበ ወፍራም ድምፅ አጥርቶ የማውጣት አቅም አልነበረውም።

መፍትሔው ክዳኑ ውስጥ ተደበቀ። ካቻቪቴ ይዞ የአንድ አሮጌ ፕሪሲሽን የብሪጅ ክዳን የፈታ ሰው ብረቱን ሲገለብጠው ከውስጥ በኩል የተለጠፈ ስፖንጅ ያገኛል። ክዳኑ ቦታው ላይ ሲቀመጥ ይህ ስፖንጅ ከላይ መጥቶ አራቱንም ክሮች ብሪጁ አጠገብ ይጫናቸዋል። ለረጅም ጊዜ ተገጥሞ የቆየ ከሆነ ስፖንጁ ላይ አራት ቦዮች ይታያሉ፤ የኢ ክር የተኛበት ሰፊና ጥልቅ፣ የጂ ክር የተኛበት ቀጭን። ብዙ ጊዜ ደግሞ ስፖንጁ በዕድሜ ብዛት ደርቆ ሲነኩት ይፈረፈራል፤ ከክሮሙ ጀርባ የሚቀረው የድሮው ሙጫ ቅርፊት ብቻ ነው።

ይህች ቁራጭ ስፖንጅ ድምፁን እንዴት እንደምትለውጥ ረጋ ብሎ ማየት ይገባል። ክር ሲመታ የሚወጣው አንድ ድምፅ ብቻ አይደለም። ታችኛው የኢ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ ይነዝራል፤ አብረውት ግን 82፣ 124፣ 165 እያሉ ወደ ላይ የሚወጡ ሌሎች ንዝረቶች አሉ። ለድምፁ ወፍራምነት የሚሰጠው ታችኛው ነው፤ ብሩህነቱንና የብረት ጠባዩን የሚሰጡት ከላይ ያሉት ናቸው። ታችኛው ንዝረት ሰፊ እንቅስቃሴውን የሚያደርገው በክሩ መሃል ነው፤ ብሪጁ አጠገብ ሲደርስ የሚንቀሳቀሰው ለጥቂት ነው። ከፍተኞቹ ግን ክሩን በብዙ ትንንሽ ክፍል ስለሚከፋፍሉት ብሪጁ አጠገብም ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ ስፖንጁ እዚያ ሲቀመጥ ይበልጥ የሚያፍነው ከፍተኞቹን ነው፤ ታችኛው ንዝረት የሚጎዳው በጥቂቱ፣ ያውም በቆይታው ነው። ውጤቱ ድፍን ብሎ ተነስቶ ቶሎ የሚከስም፣ ደብል ቤዝ ተጫዋቹ የሚያውቀው ዓይነት ድምፅ ይሆናል።

በገና የሚያውቅ አንባቢ ይህ አይደንቀውም። በበገናው በርኩማና በእያንዳንዱ ክር መካከል የምትገባው የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራ፣ የምትሠራው በዚያው ቦታ ነው፤ ክሩ በሚያልቅበት ጫፍ። ሥራዋ ግን ተቃራኒ ነው። እንዚራ በትክክል ስትቀመጥ ክሩ እየነካካት ያ የታወቀው ነዛሪ ድምፅ ይወጣል፤ ከፍተኞቹ ንዝረቶች ይበዛሉ። ስትወጣ በገናው ሌላ መሣሪያ እስኪመስል ድረስ ጸጥ ይላል። የፌንደር ስፖንጅ ከፍተኞቹን ለመቀነስ፣ እንዚራ ለማብዛት፤ ሁለቱም ግን የድምፁ ጠባይ የሚወሰነው ክሩ ጫፉ ላይ ምን እንደነካው ነው የሚለውን ዕውቀት የያዙ ናቸው።

በ1960 የመጣው የፌንደር ጃዝ ቤዝ በመጀመሪያ የማፈኑን ሥራ ከክዳኑ ለይቶ ይሠራው ነበር። በብሪጁና በኋለኛው ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጠው ክፍል) መካከል ለእያንዳንዱ ክር አንድ አንድ ማፈኛ ተተከለለት፤ ከታች ተነስቶ ክሩን የሚነካ፣ በብሎን የሚስተካከል። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል፤ ሆኖም የሚስተካከል ነገር በበዛ ቁጥር የሚላላውም ይበዛልና ጥቂት ዓመታት ብቻ ቆይቶ ቀረ። ፋብሪካው ወደ ተለጠፈው ስፖንጅ ተመለሰ።

መካከለኛው ክዳን፣ ፒካፑን የሚሸፍነው፣ ሌላ ታሪክ አለው። ፒካፕ ማለት ማግኔትና በዙሪያው ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው። ከላዩ ያለው የብረት ክር ሲነዝር መግነጢሳዊው መስክ ይናወጣል፤ ሽቦው ውስጥም ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ይፈጠራል። ችግሩ ይህ ሽቦ ለክሩ ብቻ ታማኝ አለመሆኑ ነው። አካባቢው ላይ ያለውን የመብራት መስመር፣ የአምፕሊፋየሩን ትራንስፎርመር፣ የመድረኩን መብራት ሁሉ ይሰማል፤ የሰማውንም እምም በሚል ድምፅ ለስፒከሩ ያስተላልፋል። የ1951ዱ ፕሪሲሽን የነበረው ፒካፕ አንድ ጥቅል ብቻ ስለነበር ይህ እምታ ይበዛበት ነበር። ከላይ የሚተከል ብረት ፒካፑን ከእንዲህ ያለው ጣልቃ ገብ ይጋርደዋል የሚለው ማብራሪያ የመጣው ከዚህ ነው።

ማብራሪያው ግማሽ እውነት ነው። ብረት ክዳን የኤሌክትሪክ መስክን በከፊል ይከላከላል፤ ከትራንስፎርመር የሚመጣውን መግነጢሳዊ መስክ ግን ስስ ክዳን ብዙም አያቆመውም። በዚያ ላይ የፌንደር ክዳን ፒካፑን ከሁሉም አቅጣጫ አይዘጋውም፤ ክሮቹ በሥሩ እንዲያልፉ ሁለቱ ጎኖቹ ክፍት ናቸው። እውነተኛው መፍትሔ በ1957 መጣ። ፒካፑ ለሁለት ተከፈለ፤ አንደኛው ግማሽ ለኢና ለኤ ክሮች፣ ሁለተኛው ለዲና ለጂ። የሁለቱ ጥቅልል አቅጣጫ ተቃራኒ ነው፤ የማግኔታቸው ዋልታም እንዲሁ። ከውጭ የሚመጣው እምታ ሁለቱ ጋ በተቃራኒ ስለሚደርስ ይጣፋል፤ የክሮቹ ድምፅ ግን እያንዳንዱ ግማሽ የራሱን ሁለት ክሮች ብቻ ስለሚሰማ ሳይጎዳ ይወጣል። ፕሪሲሽን ቤዝ እስከ ዛሬ ይህንኑ ፒካፕ ይዞ ቀጥሏል። ከዚያ ዓመት በኋላ ክዳኑ እምታን ለመከላከል ያስፈልጋል ማለት ከባድ ነው፤ ቢሆንም ፋብሪካው መግጠሙን አላቆመም።

እዚህ ላይ የአገራችንን ቤዚስቶች የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ የመብራት ኃይሉ በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ ይህ በቤዝ ላይ ካለው ቢ ኖታ (61.7) ጥቂት ዝቅ ይላል። እኛ ዘንድ ግን 50 ነው። በኢ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ የሚገኘው ጂ 49 ነው። የእምታው እጥፍ 100 ሲሆን፣ ክፍት የሆነው የጂ ክር 98 ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ነጠላ ጥቅል ፒካፕ ባለው ቤዝ በጂ ቁልፍ የሚጫወት ሰው፣ እምታው ከዋናው ኖታው አጠገብ ተጠግቶ ድምፁን ቀስ እያለ ሲያወዛውዘው ሊሰማ ይችላል። መሣሪያው ተበላሽቷል፣ ክሩ ከቅኝት ወጥቷል ብሎ ከመቃኘት በፊት የድምፅ መቆጣጠሪያውን ሳይዘጉ ክሮቹን በእጅ አፍኖ ማዳመጥ ይሻላል፤ ክሮቹ ጸጥ ብለውም የሚቀጥል ድምፅ ካለ እምታው ነው። ይህን ደግሞ ክሮም አይፈታውም።

ክዳኖቹ ያመጡት ትልቁ ለውጥ ግን እጅ ላይ የታየው ነው። የመጀመሪያዎቹን ፕሪሲሽኖች ልብ ብሎ ያየ ሰው ከጂ ክር በታች የተተከለች ትንሽ ዘንግ ያገኛል። አራቱ ጣቶች እሷን ይዘው አውራ ጣት ክሩን ወደ ታች እንዲመታ የታሰበች ነች። ክዳኖቹም ለዚህ አጨዋወት የተመቹ ናቸው፤ አውራ ጣት ፒካፑና ብሪጁ ጋ ምንም ጉዳይ የለውም። ይህ የተጫዋቹ ምርጫ እየተቀየረ ሲሄድ፣ ሰዎች በሌባ ጣትና በመሃል ጣት መምታት ሲጀምሩ፣ ዘንጓ በ1974 ገደማ ወደ ኢ ክር በኩል ተዛወረች፤ የጣት መያዣ የነበረችው የአውራ ጣት ማረፊያ ሆነች።

ክር በየትኛው ቦታ እንደሚመታ ለድምፁ ወሳኝ ነው። ብሪጁ አጠገብ የተመታ ክር ጠንካራ፣ ደረቅና ብሩህ ድምፅ ይሰጣል፤ ወደ አንገቱ በቀረበ ቁጥር ይለሰልሳል፣ ይወፍራል። የብሪጁ ክዳን ብሩሁን ቦታ ዘግቶታል፤ የፒካፑ ክዳን ደግሞ መካከሉን። ለቀኝ እጅ የቀሩት በሁለቱ ክዳኖች መካከል ያለችው ክፍተትና ከፒካፑ ክዳን ወደ አንገቱ በኩል ያለው ቦታ ናቸው። ጃዝ ቤዝ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይጠባል፤ ትልቁ ክዳን ብሪጁን ብቻ ሳይሆን የኋለኛውን ፒካፕም ይሸፍናል።

በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ምን ያህል ሙዚቃ ሊሠራ እንደሚችል ያሳየው ጄምስ ጀመርሰን ነው። በ1936 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ኤዲስቶ ደሴት ላይ ተወለደ፤ ዲትሮይት ሄዶ ደብል ቤዝ ተጫዋች ሆነ፤ ከዚያም የሞታውን ሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ የስቱዲዮ ቤዚስት ሆነ። የሞታውን ስቱዲዮ በዌስት ግራንድ ጎዳና ላይ ባለ መኖሪያ ቤት ውስጥ የተሠራ ጠባብ ክፍል ነበር። ጀመርሰን የሚጫወትበት የ1962 ፕሪሲሽን ክዳኖቹን አልተነጠቀም። ከብሪጁ ክዳን ሥር ስፖንጁ አለ። ክሮቹ ላያቸው የለሰለሰ ወፍራም የላቤላ ክሮች ናቸው፤ ካልተበጠሱ በቀር አይቀይራቸውም ነበር። ከፍሬቱ ያላቸው ከፍታም ሌላ ተጫዋች እንዳይደፍራቸው የሚያደርግ ነበር።

የቀኝ እጁ አያያዝ ደግሞ ከክሮሙ ጋር የተሠራ ይመስላል። የቀለበት ጣቱንና ትንሿን ጣቱን ፒካፑ ክዳን ላይ ያሳርፋል፤ የሚመታው በሌባ ጣቱ ብቻ ነው፤ ከደብል ቤዝ ይዞት የመጣ ልማድ። ክዳኑ ለእጁ ጽኑ ማረፊያ ስለሆነለት ያ አንድ ጣት ከክር ወደ ክር እንዳሻው ይዘላል። በ1960ዎቹ ከዲትሮይት የወጡትን ዘፈኖች ያዳመጠ ሰው ቤዙ በኖታዎች የተሞላ ሆኖ ሳለ እርስ በርሱ እንደማይደራረብ ያስተውላል። እንዲያ ያለ ብዙ ኖታ ስፖንጅ በሌለው ቤዝ ቢመታ ይደፈርስ ነበር፤ ያ ስፖንጅ እያንዳንዱን ኖታ ቶሎ ስለሚያከስመው ለቀጣዩ ቦታ ይለቅለታል። እኔ የጀመርሰንን ነፃነት የማየው እዚህ ላይ ነው፤ ማፈኛው ነው ብዙ እንዲናገር የፈቀደለት። በሞታውን ቤዙ ከአምፕሊፋየር ፊት በማይክሮፎን ሳይሆን በቀጥታ ወደ መቅረጫው ጠረጴዛ ይገባ ስለነበር ከክሩና ከስፖንጁ የወጣው ድምፅ ሳይለወጥ ቴፑ ላይ ተቀመጠ። ጀመርሰን በ1983 ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ያ ቤዝ ተሰረቀ፤ አልተገኘም።

በዚያው ዘመን ሎስ አንጀለስ ውስጥ በርካታ ታላላቅ ቅጂዎች ላይ የተጫወተችው ካሮል ኬይ ወደ ተመሳሳይ ድምፅ የደረሰችው በሌላ መንገድ ነው። የምትመታው በመምቻ ነው፤ ክሮቹን የምታፍነውም ብሪጁ አጠገብ ከላይ በምታሳርፈው የወፍራም ጨርቅ ቁራጭ ነው። ማፈኛው የፋብሪካ ክዳን ሥር የግድ መደበቅ እንደሌለበት ሥራዋ ምስክር ነው።

ነገር ግን ክዳኑን ፈትተው የሚጥሉ ሰዎች ከመጀመሪያውም ነበሩ። የፌንደር ቴሌካስተር ጊታር ብሪጅ ላይ የሚገጠመውን ተመሳሳይ ክዳን ሙዚቀኞች ገልብጠው ለሲጋራ መተርኮሻ ይጠቀሙበት ስለነበር የቅጽል ስሙም እስከ ዛሬ መተርኮሻ ነው። ቤዝ ላይ የመፍታቱ ነገር እውነተኛ ምክንያት ያገኘው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። በመጀመሪያ ክሩ ተቀየረ፤ በእንግሊዝ የክር አምራቹ ሮቶሳውንድ ከዘ ሁ ባንድ ቤዚስት ከጆን ኤንትዊስል ጋር ሆኖ ላዩ ሸካራ የሆነ፣ ብሩህና ረጅም ድምፅ ያለው ክር አወጣ። ብሩህ ክር ገዝቶ በስፖንጅ ማፈን ትርጉም የለውም። ቀጥሎ ካሊፎርኒያ ውስጥ ላሪ ግራም የሚባል ወጣት ከእናቱ ጋር ሲሠራ ከበሮ መቺ አጡ፤ የከበሮውን ቦታ ለመሙላት ክሩን በአውራ ጣቱ እየደበደበ በሌላ ጣት ከሥሩ ይስበው ጀመር። ከስላይ ኤንድ ዘ ፋሚሊ ስቶን ባንድ ጋር ይህን አጨዋወት ዓለም ሰማው። ክርን ከሥር ለመሳብ ጣት መግቢያ ይፈልጋል፤ በክሮቹ ላይ ቅስት ሆኖ የቆመ ብረት እንዲህ ያለውን እጅ ያደናቅፋል።

የብሪጁን ክዳን ግን ለዘለቄታው ያስቀረው፣ በእኔ አስተያየት፣ ጃኮ ፓስቶሪየስ ነው። ፕሪሲሽን ቤዝ በወጣበት በ1951 የተወለደ ነው። የ1962 ጃዝ ቤዙ ፍሬት የወጣለት ነው፤ የሚመታውም ኋለኛው ፒካፕ ላይ፣ ብሪጁ አጠገብ ነው። በ1976 የመጀመሪያ አልበሙ ሲወጣ ሰው የሰማው እያንዳንዱ ኖታ በግልጽ የሚዘፍንበት፣ መሃለኛ ድምፁ የጎላ ቤዝ ነበር። ያ ድምፅ የሚወጣበት ቦታ ደግሞ ፋብሪካው በትልቁ ክሮም ሸፍኖት የነበረው ነው። ክዳኑ ቦታው ላይ ቢሆን ጣቱ እዚያ አይደርስም ነበር።

ሌሎች ፋብሪካዎችም ብረት ነበራቸው። የሪከንባከር ቤዞች በመጀመሪያ ክሮቹ ሁለት የፈረስ ጫማ ማግኔቶች ውስጥ የሚያልፉባቸው ነበሩ፤ ማግኔቶቹ ሲቀሩ በቦታቸው ብረት ክዳን ተተካ፤ ብሪጁ ላይም በብሎን ከፍና ዝቅ የሚል ስፖንጅ ነበራቸው። ጊብሰን ፒካፑን የሚሸፍነው ከክሮቹ በታች ስለሆነ እጅን አይከለክልም፤ ለዚህ ምዕራፍ ብዙ አያስፈልገንም።

ሊዮ ፌንደር ራሱ ምን እንዳሰበ የሚያሳየው ኋላ የሠራው ነው። ድርጅቱን በ1965 ለሲቢኤስ ኩባንያ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ በ1976 ከአጋሮቹ ጋር ሙዚክማን በሚባል ስም ስቲንግሬይ ቤዝን አወጣ። ስቲንግሬይ ክዳን አልነበረውም። ብሪጁ ላይ ግን ለእያንዳንዱ ክር የሚስተካከል ማፈኛ ነበረው። ክሮሙን ተወው፣ ስፖንጁን ጠበቀው።

ክዳን የተፈታባቸው ቤዞች እንጨታቸው ላይ የብሎን ቀዳዳ ይዘው ቀሩ። አሮጌ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ቀዳዳዎቹን የሚመረምረው ለዚህ ነው፤ በክዳኑ ሥር የነበረው ቀለምም ብርሃን ስላልነካው ከሌላው ይለያል። የፌንደር ኩባንያ በ1982 የድሮዎቹን ሞዴሎች እንደገና መሥራት ሲጀምር ክዳኖቹን መልሶ አመጣቸው።

የእርስዎ ቤዝ ክዳን ቢኖረውም ባይኖረውም ያን ድምፅ መስማት ይችላሉ። የስፖንጅ ቁራጭ በክሮቹ ስፋት ይቁረጡና ብሪጁ አጠገብ ከክሮቹ ሥር ያስገቡ። ስፖንጁ ክሮቹን መንካት እንጂ ወደ ላይ ማንሳት የለበትም፤ ካነሳቸው ቅኝቱ ይወጣል። ኖታው ጨርሶ ከሞተ ወደ ብሪጁ ያስጠጉት፣ ብዙ ከጮኸ ትንሽ ወደ ፒካፑ ይግፉት። ከዚያ በአንድ ጣት፣ ወደ አንገቱ በኩል ጠጋ ብለው ይጫወቱ። ክዳኑን መልሰው የሚገጥሙ ከሆነ ደግሞ ብሎኖቹን በካቻቪቴ በእርጋታ ያጥብቁ፤ የድሮ እንጨት ቀዳዳው ቶሎ ይላላል።